የማይክሮግሊያ ፖታሲየም ቻናሎችን ማን ይከፍታል፣ ማን ይዘጋል? በወረቀትና በካልኩሌተር የሚሠራ ዝርዝር መመሪያ

ሐረር በሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ወይም ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው "ስለ ማይክሮግሊያ የፖታሲየም ቻናሎች ሴሚናር አቅርብ" ሲባል የሚቸግረው የጽሑፍ እጥረት አይደለም። (ማይክሮግሊያ የአንጎል የበሽታ መከላከያ ሴሎች ናቸው፤ የፖታሲየም ቻናል ደግሞ በሴሉ ሽፋን ላይ ያለ፣ ፖታሲየም የሚያሳልፍ የፕሮቲን ቀዳዳ ነው።) ሂናሪንና ፐብሜድ ሴንትራልን የመሳሰሉ የጥናት ጽሑፎች የሚገኙባቸውን ድረ ገጾች የፈተሸ ሰው በአንድ ምሽት አንብቦ ከሚጨርሰው በላይ ጥናት ያገኛል። ችግሩ ሌላ ነው። አንዱ ጥናት "ይህ ኢንዛይም ቻናሉን ያዳክማል" ሲል ሌላው "ያጠናክራል" ይላል፤ ተማሪውም ሁለቱንም ፍላጻዎች አንድ ስላይድ ላይ ይለጥፍና ጥያቄ ሲነሳ መልስ ያጣል።

አጥብቄ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ቻናሉን የሚከፍቱትንና የሚዘጉትን ምልክቶች (ኢንዛይሞቹንና ሌሎቹን ሞለኪውሎች) ቻናሉን ለመለወጥ በሚፈጅባቸው ጊዜ ከፋፍሏቸው። በሰከንድ የሚሠሩ አሉ፣ በደቂቃ የሚሠሩ አሉ፣ ሰዓታትና ቀናት የሚፈልጉ አሉ። እንዲህ ሲከፋፈሉ የሚጋጩ የሚመስሉ ብዙ ውጤቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በእውነት የሚጋጩት ደግሞ ጎልተው ይታያሉ።

ይህን በካርታ መልክ ለመሣል የሚያስፈልገው አንድ ትልቅ የፍሊፕ ቻርት ወረቀት፣ ሦስት ቀለም ማርከርና ሎጋሪዝም የሚሠራ ካልኩሌተር ብቻ ነው፤ ስልካችሁ ይበቃል። በቻናል የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት (ከረንት) የሚለካው የፓች ክላምፕ መሣሪያ ባይኖራችሁም ኤርቪን ኔርና ቤርት ዛክማን እ.ኤ.አ. በ1991 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ይህ ዘዴ ያመጣቸውን ቁጥሮች ማንበብና መመርመር ትችላላችሁ።

ደረጃ 1፦ ሴሉን በአጭሩ ለዩ

እዚህ ላይ ብዙ አትቆዩ። ማይክሮግሊያ የአንጎል ነዋሪ የበሽታ መከላከያ ሴሎች ናቸው። ስማቸውን ያወጣላቸው ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1919። ምንጫቸው ፅንሱ ገና ትንሽ ሳለ ከሚኖረው የእርጎ ከረጢት ነው፤ ስለዚህ ከነርቭ ሴሎች ይልቅ የማክሮፋጅ ዘመዶች ናቸው። ቀድሞ "ያረፉ" ይባሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን በሕያው የማውስ (የትንሿ አይጥ) አንጎል ላይ በሁለት ፎቶን ማይክሮስኮፕ የተነሱ ምስሎች ቅርንጫፎቻቸውን ያለማቋረጥ እየዘረጉና እየሰበሰቡ አካባቢያቸውን እንደሚቃኙ አሳዩ። "ቅኝት" የሚለውን ቃል ወረቀታችሁ ላይ ጻፉት፤ ኋላ ከፖታሲየም ጋር ይገናኛል።

ደረጃ 2፦ ፍላጻ ከመሳላችሁ በፊት ቁጥሩን ሥሩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ቀሪው ሁሉ ሽምደዳ ይሆንበታል። ቻናል ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ፖታሲየም ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው የቮልቴጁና የክምችቱ ልዩነት ነው።

የደም ፖታሲየም ታውቃላችሁ፤ በሆስፒታል የላብራቶሪ ወረቀት ላይ መደበኛው መጠን ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል በሊትር ተብሎ ይጻፋል። አንጎል ውስጥ በሴሎቹ መካከል ያለው ፈሳሽ ግን ከደሙ ዝቅ ይላል፣ 3 ገደማ ነው። በሴሉ ውስጥ ያለውን 140 እንበል። በኔርንስት ቀመር፣ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የፖታሲየም ሚዛን ቮልቴጅ እንዲህ ይወጣል፦

61.5 × ሎግ (3 ÷ 140) = -103 ሚሊቮልት ገደማ

አሁን የውጩን ፖታሲየም ቀይሩት። 10 ሲሆን -70፣ 40 ሲሆን -33 አካባቢ ይደርሳል። እነዚህ የዘፈቀደ ቁጥሮች አይደሉም። አንጎል ሲጎዳ፣ በተለይም በኮርቴክስ (በአንጎል ውጫዊ ክፍል) ላይ የሚሰራጨው የዲፖላራይዜሽን ማዕበል፣ ማለትም ሴሎች ኔጌቲቭነታቸውን የሚያጡበት ማዕበል፣ ሲያልፍ፣ የውጭ ፖታሲየም ወደ ብዙ አሥሮች ይወጣል። በዚያ ሰዓት ሁሉም የፖታሲየም ቻናል ቢከፈት እንኳ ሴሉ ወደ -100 ሊወርድ አይችልም።

በአንጎል ቁራጭ ውስጥ የተለካ ያልተቆጣ ማይክሮግሊያ ቮልቴጁ -40 አካባቢ ነው። -40ን ከ-103 ጋር አነጻጽሩ፤ ወደ 60 ሚሊቮልት የሚጠጋ ግፊት ፖታሲየምን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ በዚህ ሴል ላይ የፖታሲየም ቻናል ከተከፈተ ፖታሲየም ይወጣል፣ ሴሉም ይበልጥ ኔጌቲቭ ይሆናል። ከዘጋችሁት ተቃራኒው ይሆናል። የሚቀጥሉት ፍላጻዎች ሁሉ መጨረሻቸው ይህ ነው።

ስለ ሙቀትም አንድ ነገር ልበል። ብዙ የፓች ክላምፕ ጥናት "በክፍል ሙቀት" ተሠራ ይላል። በ25 ዲግሪ ሒሳቡን ስትሠሩት 61.5 የነበረው 59.2 ይሆናል፤ ውጤቱም -99 ነው። ሚዛኑን ብዙ አላናጋውም። ነገር ግን ኢንዛይሞች በሙቀት ክፉኛ ይለዋወጣሉ፤ የሐረር ክፍልና የድሬዳዋ ክፍል በግንቦት ቀትር አንድ ዓይነት "የክፍል ሙቀት" የላቸውም። በካይኔዝ (ፎስፌትን በፕሮቲን ላይ በሚጨምር ኢንዛይም) የሚሠራ ፍላጻ ስታነቡ የተለካበትን ሙቀት ከጎኑ ጻፉ።

ደረጃ 3፦ አራቱን ቻናሎች በወረቀቱ መሐል አስቀምጡ

ማይክሮግሊያ ላይ የተዘገቡት ቻናሎች ከአራት ይበልጣሉ፤ ለመጀመሪያ ካርታ ግን አራቱ ይበቃሉ።

ቲክ-1፣ ጂኑ ኬሲኤንኬ13። ሁለት ቀዳዳ ዶሜይን ካላቸው ቻናሎች አንዱ ነው፤ ቮልቴጅ ሳይጠብቅ ሁልጊዜ በመጠኑ ክፍት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ባልተነካ የአንጎል ቁራጭ ውስጥ የማይክሮግሊያ ዋናው የፖታሲየም ቻናል ይህ መሆኑን አሳይቷል።

ኬቪ1.3፣ ጂኑ ኬሲኤንኤ3። ሴሉ ዲፖላራይዝ ሲሆን፣ ከ-40 አካባቢ ጀምሮ ይከፈታል። በቲ ሴሎች ላይም በደንብ የታወቀ ነው።

ኬሲኤ3.1፣ ጂኑ ኬሲኤንኤን4። ቮልቴጅ አይከፍተውም፤ በሴሉ ውስጥ ያለው ካልሲየም ነው የሚከፍተው። ስለ ቀይ የደም ሴል የተማራችሁ ይህን ቻናል በሌላ ስሙ ታውቁታላችሁ፤ ተመራማሪው ጋርዶሽ እ.ኤ.አ. በ1958 በካልሲየም የሚነሳውን የፖታሲየም መፍሰስ የገለጸበት፣ የጋርዶሽ ቻናል የሚባለው ነው።

ኪር2.1፣ ጂኑ ኬሲኤንጄ2። ፖታሲየምን ወደ ውስጥ ማሳለፍ ይቀለዋል፤ ወደ ውጭ ሲሆን በሴሉ ውስጥ ያሉት ማግኒዥየምና ፖሊአሚኖች ይደፍኑታል።

ከእያንዳንዱ ጎን ጥናቱ የተሠራው በማውስ፣ በራት (በትልቁ አይጥ) ወይስ በሰው ሴል እንደሆነ፣ በካልቸር ወይስ በአንጎል ቁራጭ እንደሆነ የምትጽፉበት ቦታ ተዉ። በካልቸር ሳህን ላይ የሚያድግ ማይክሮግሊያ በአንጎል ውስጥ እንዳለው አይደለም። ለረጅም ዓመታት ካልቸር ላይ ኪር2.1 ጎልቶ ሲታይ ቆይቶ ባልተነካ ቁራጭ ላይ ቲክ-1 መሪ ሆኖ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 4፦ ሦስት ዓምዶችን ሥሩና ምልክቶቹን በጊዜያቸው አስገቡ

የመጀመሪያው ዓምድ፣ ሰከንድ። አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንከተል። አንድ የነርቭ ሴል ተጎዳ እንበል። ኤቲፒ የሚባለው የሴል የኃይል ሞለኪውል ከውስጡ ይፈስሳል። በማይክሮግሊያው ገጽ ላይ ያሉ ኢንዛይሞች ኤቲፒውን ቆርጠው ኤዲፒ ያደርጉታል። ኤዲፒ ፒ2ዋይ12 የሚባለውን ሪሴፕተር (ምልክት ተቀባይ ፕሮቲን) ይይዛል። ይህ ሪሴፕተር ጂአይ ከሚባለው፣ ምልክትን ወደ ሴሉ ውስጥ ከሚያስተላልፍ ጂ ፕሮቲን ጋር የተያያዘ ነው፤ ሲነቃም የቲክ-1ን ሥራ ያጠናክራል። ፖታሲየም ይወጣል፣ ሴሉ ይበልጥ ኔጌቲቭ ይሆናል። ይህን በወፍራም መስመር ሥሩት፤ ተለክቷል።

አሁን ማርከሩን አንሱና ከዚሁ ሪሴፕተር ሌላ መስመር አውጡ። ጂአይ በሴሉ ውስጥ መልእክት የሚያደርሰውን የሳይክሊክ ኤኤምፒን መጠን ይቀንሳል። ሳይክሊክ ኤኤምፒ ሲቀንስ ፒኬኤ የሚባለው ካይኔዝ ይዳከማል። ፒኬኤ ደግሞ፣ ወደ ደቂቃው ዓምድ ስንሄድ እንደምታዩት፣ ኬሲኤ3.1ን የሚያዳክም ነው። ስለዚህ ፒ2ዋይ12 በተዘዋዋሪ ኬሲኤ3.1ን ሊያጠናክረው ይችላል የሚል ግምት ከካርታው ይወጣል። ይህ ግምት በነጥብ መስመር ይሳል። ከሁለት ጥናቶች ተቀጣጥሎ የወጣን ነገር በአንድ ጥናት እንደተለካ አድርጎ ማቅረብ በሴሚናር ላይ ከማየው ጥፋት ሁሉ የሚያሳስበኝ ነው፤ ወፍራምና ነጥብ መስመርን መለየት ያድናችኋል።

በዚሁ ዓምድ ውስጥ ኬሲኤ3.1ንም አስገቡ። ካልሞዱሊን የሚባለው ፕሮቲን ከቻናሉ ጋር ምንጊዜም እንደተጣበቀ ነው፤ ካልሲየም ወደ 0.3 ማይክሮሞል ሲጠጋ ካልሞዱሊን ቅርፁን ይለውጥና ቻናሉ ይከፈታል። ከፍ ያለ ኤቲፒ ሲኖር የሚከፈተውን ፒ2ኤክስ7 ሪሴፕተርም ጨምሩ። እሱ ራሱ ቀዳዳ ነው፤ ሶዲየምና ካልሲየም ያስገባል፣ ፖታሲየም ያስወጣል። ለኪር2.1 ደግሞ ፒአይፒ2 የሚባለውን የሴል ሽፋን ቅባት ጻፉ፤ ያለ እሱ ቻናሉ አይከፈትም። ፎስፎሊፔዝ ሲ የሚባለው ኢንዛይም ይህን ቅባት ሲቆርጠው ኪር2.1 ሊዳከም ይችላል።

ሁለተኛው ዓምድ፣ ደቂቃ። የካይኔዞች ዓምድ ነው፤ ጠቡ ያለውም እዚህ ነው። ቀላሉን አስቀድሙ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሥራ ፒኬኤ የኬሲኤ3.1ን ከረንት እንደሚቀንስና ለዚህም በቻናሉ ሰንሰለት 332 እና 334 ቁጥር ላይ ያሉት ሴሪን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች እንደሚያስፈልጉ አሳይቷል። ሴሪኖቹ ያሉት ካልሞዱሊን በሚጣበቅበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ነገሩ ይገጣጠማል፤ ፎስፌቱ ሲጨመር ካልሞዱሊን በደንብ አይይዝም፣ ካልሲየሙ ቢኖርም ቻናሉ ደካማ ነው።

ከባዱ ኬቪ1.3 ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በራት ማይክሮግሊያ ላይ የተሠራ ጥናት የሰርክ ቤተሰብ ታይሮሲን ካይኔዞች የኬቪ1.3ን ከረንት እንደሚቀንሱ፣ ኦክስጅንና ግሉኮስ ሲጓደልም ከረንቱ እንደሚወርድ ዘግቧል። እ.ኤ.አ. በ2020 በፓርኪንሰን በሽታ ሞዴሎች ላይ የወጣው ሥራ ደግሞ ከዚያው ቤተሰብ የሆነው ፊን ኬቪ1.3ን ከፍ እንደሚያደርግ ይናገራል። የትኛውን ልመን?

ሁለቱንም በየዓምዳቸው አስገቧቸው። የ2000ው ጥናት የሚያወራው ቀድሞ በሽፋኑ ላይ ስላለ ቻናልና በቅርብ ጊዜ ስለሚደርስበት ለውጥ ነው። የ2020ው ውጤት አንዱ ክፍል ስለ ጂን ንባብ ነው፤ ፊን ፒኬሲ ዴልታ በሚባለው ካይኔዝ በኩል ብዙ ኬቪ1.3 እንዲመረት ያደርጋል፤ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለም። ነገር ግን ያው ጥናት ፊን ቻናሉን በቀጥታም እንደሚነካና ሥራውን እንደሚለውጥ ይገልጻል። ይህ የደቂቃው ዓምድ ውስጥ ይገባል፤ ልዩነቱም እዚያ ይቀራል። ቤተሰቡ ሰፊ ነው፣ እንስሳውም የበሽታው ሞዴልም ይለያያል። መምህሩ "ሰርክ ያጠናክራል ወይስ ያዳክማል?" ብሎ ቢጠይቃችሁ ትክክለኛው መልስ "የትኛው የቤተሰቡ አባል፣ በየትኛው ሴል፣ ስንት ደቂቃ ወይም ስንት ሰዓት ቆይቶ?" ብሎ መነሳት ነው።

ሦስተኛው ዓምድ፣ ሰዓትና ቀን። የባክቴሪያ ሽፋን ክፍል የሆነው ኤልፒኤስ ብቻውን ወይም ኢንተርፌሮን ጋማ ከሚባለው ሳይቶካይን (የበሽታ መከላከያ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቲን) ጋር ሲሰጥ በማውስ ካልቸር ላይ ኬቪ1.3 በጣም ይጨምራል፤ የኪር ከረንት ከነአካቴው የጠፋ ያህል ይሆናል። ኢንተርሉኪን-4 የሚባለው ሌላ ሳይቶካይን ሲሰጥ ግልብጥ ነው፤ ኪር2.1 ያድጋል። ኬሲኤ3.1 ላይ ግን ተጠንቀቁ። በራት ሴሎች ኢንተርሉኪን-4 በግልጽ ጨምሮታል፤ በማውስ ካልቸር ደግሞ በአመዛኙ ዝቅ ብሎ ተገኝቶ ኢንተርፌሮን ጋማ ወይም ኤቲፒ በመጠኑ አንስቶታል። በደረጃ 3 የተዋችሁትን የእንስሳ ቦታ አሁን ሙሉት።

ኤልፒኤስ የሴሉን የፒ2ዋይ12 ምርትም ይቀንሳል። ስለዚህ ሴሉ ተቆጥቶ ሰዓታት ካለፉ በኋላ በመጀመሪያው ዓምድ በወፍራም የሠራችሁት መስመር ይሳሳል። የሰዓቱ ዓምድ የሰከንዱን ዓምድ ይቀይረዋል ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ከሦስተኛው ወደ መጀመሪያው የሚመለስ ቀይ ፍላጻ ሥሩ። ብዙ የመማሪያ ሥዕል ላይ የሚጎድለው ይህ ፍላጻ ነው።

ደረጃ 5፦ "ቢከፈትስ ምን ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ

ሁለት መንገዶች አሉ፤ አታደባልቋቸው።

አንደኛው ካልሲየም ነው። በጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ ለሚጠብቅ የሐረር ሰው ይህ አይከብደውም፤ ሮቶው ከፍ ሲል ቧንቧው በኃይል ይወርዳል፣ ዝቅ ሲል ያንጠባጥባል። የሴሉ ቮልቴጅ ከፍታው ነው፣ ካልሲየም ውሃው። ቁጥሩን እንሥራ፦ የውጭ ካልሲየም 1.2 ሚሊሞል፣ የውስጡ 100 ናኖሞል ቢሆን ሚዛኑ +125 ሚሊቮልት ገደማ ነው (ካልሲየም ሁለት ቻርጅ ስላለው 61.5ን ለሁለት ትከፍላላችሁ)። ሴሉ -80 ላይ ሲሆን ግፊቱ 205፣ -40 ላይ 165፣ 0 ላይ 125 ይሆናል። ስለዚህ ፖታሲየም እየወጣ ሴሉን ኔጌቲቭ ካደረገው ካልሲየም ኦራይ1 በሚባለው ቻናል በኩል በብርታት ይገባል። ካልሲየሙ ኬሲኤ3.1ን ይከፍታል፣ እሱም ሴሉን ይበልጥ ኔጌቲቭ ያደርገዋል። ኬቪ1.3 ደግሞ ሴሉ ወደ ዲፖላራይዜሽን ሲያዘነብል ተከፍቶ ይመልሰዋል። ረጅም የካልሲየም ምልክት የሚፈልጉ ሥራዎች፣ እንደ ጂን ንባብና ሳይቶካይን ማምረት ያሉት፣ በዚህ ላይ ይቆማሉ።

ሁለተኛው መንገድ ራሱ የፖታሲየም መጉደል ነው። በሴሉ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሲቀንስ ኤንኤልአርፒ3 የሚባለው ኢንፍላማሶም (ብግነት የሚያስነሳ የፕሮቲኖች ስብስብ) ይገጣጠማል፣ ካስፔዝ-1 የሚባለው ቆራጭ ኢንዛይም ይነቃል፣ ኢንተርሉኪን-1 ቤታ የሚባለው ሳይቶካይን ተቆርጦ ይለቀቃል። ቲክ-1ን ማገድ የዚህን ሳይቶካይን ልቀት የሚቀንሰው ከዚህ ጋር በሚስማማ መንገድ ነው።

ቅኝትን አሁን አገናኙት። ቲክ-1 ሲታገድ ወይም ጂኑ ሲወገድ ሴሉ ዲፖላራይዝ ይሆናል፣ ቅርንጫፎቹ ይቀንሳሉ፣ ቅኝቱም ይቀንሳል። ፒ2ዋይ12ን ማገድ ግን ቮልቴጁንም ቅኝቱንም አልነካም። ወደ ተጎዳ ቦታ ቅርንጫፍ መላክ ደግሞ ፒ2ዋይ12ን ይፈልጋል እንጂ ቲክ-1ን አይፈልግም። ሪሴፕተሩ ቻናሉን ያጠናክራል፣ ሁለቱ ግን ለሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎች ነው የሚያስፈልጉት። ይህን ውጤት ቀስ ብላችሁ ደግማችሁ አንብቡት፤ "ሀ ለን ያነቃል፣ ለ ሐን ያደርጋል፣ ስለዚህ ሀ ሐን ያደርጋል" የሚለውን አስተሳሰብ በአንድ ጥናት ውስጥ የሚያፈርስ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ደረጃ 6፦ መድኃኒቱንና ኮንትሮሉን መርምሩ

ጥናቱ ቻናሉን በምን አገደው? ቻሪብዶቶክሲን የሚባለው የጊንጥ መርዝ ኬቪ1.3ንም ኬሲኤ3.1ንም ያግዳል፤ በእሱ ብቻ የትኛው እንደሆነ መናገር አይቻልም። ፓፕ-1 ለኬቪ1.3 የተሻለ ነው። ትራም-34 ለኬሲኤ3.1 ነው፤ መነሻው በየፋርማሲው ለቆዳ ፈንገስ የሚሸጠው ክሎትሪማዞል ነው፣ የጉበት ኢንዛይሞችን እንዳያግድ ተሻሽሎ የተሠራ። ለቲክ-1 ያገለገለው ቴትራፔንቲልአሞኒየም ሌሎች ቻናሎችንም ስለሚነካ ጂኑ የተወገደባቸው ማውሶች ማስረጃውን አጠናክረውታል። መድኃኒትና የጂን ማስወገድ አንድ ነገር ሲናገሩ መስመሩን ወፍራም አድርጉ።

ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ያለው የአፒሬዝ ታሪክ ነው። አፒሬዝ ኤቲፒን የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው። አንጎል ቁራጭ ላይ ሲጨመር የማይክሮግሊያ ቅርንጫፍና ቅኝት ይቀንሳል፤ ስለዚህ "ኤቲፒ ቅኝትን ይመራል" ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሥራ ግን ሌላ ምክንያት አገኘ። በኢንዛይሙ ዝግጅት ውስጥ ብዙ ፖታሲየም ነበር፤ ሴሎቹን ዲፖላራይዝ ያደረገው እሱ ነው እንጂ የኤቲፒ መጥፋት አይደለም። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱና የውጭ ፖታሲየም ከ3 ወደ 10 ሲሄድ ያገኛችሁትን ቁጥር እዩ፤ ሚዛኑ ከ30 ሚሊቮልት በላይ ተንቀሳቅሷል። ማንኛውም ጥናት ሴሉ ላይ የሚያፈስሰው ነገር ምን ያህል ፖታሲየም ይዞ እንደሚመጣ መጠየቅ ካልኩሌተር ያለው ተማሪ ሁሉ የሚችለው ነው።

ደረጃ 7፦ ካርታውን በአንድ ጥያቄ ፈትኑት

ሃሎቴን በአገራችን የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ለብዙ ዓመታት ያገለገለ፣ በትንፋሽ የሚሰጥ ማደንዘዣ ነው። ቲክ-1 ስሙን ያገኘው በሃሎቴን ስለሚታገድ ነው። ታዲያ ካርታችሁ ምን ይላል? ሳታዩ ጻፉና ከዚህ ጋር አስተያዩ።

ዓምዱ ሰከንድ ነው። ቲክ-1 ሲዳከም ወደ ውጭ የሚወጣው ፖታሲየም ይቀንሳል፣ ሴሉ ከ-40 ወደ ላይ ይሄዳል። ቅርንጫፍና ቅኝት ይቀንሳሉ። የካልሲየም ግፊት ይቀንሳል። ፖታሲየም በውስጥ ስለሚቆይ የኢንፍላማሶሙ መገጣጠም ይከብደዋል፤ ኢንተርሉኪን-1 ቤታ ይቀንሳል ብላችሁ ትገምታላችሁ። ወደ ተጎዳ ቦታ የሚላከው ቅርንጫፍ ግን በቲክ-1 ስለማይወሰን በዚህ መንገድ አይነካም።

ሴሉ ቀድሞ በኤልፒኤስ የተቆጣ ከሆነስ? ሦስተኛውን ዓምድ እዩ። ኬቪ1.3 በዝቷል፤ ሴሉ ዲፖላራይዝ ሲሆን እሱ ይከፈትና ቮልቴጁን በከፊል ይመልሳል፤ የሃሎቴኑ ተጽዕኖ ካልተቆጣው ሴል ያነሰ ሊሆን ይችላል። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በነጥብ መስመር የሚሳል ነው። ከዚህ ካርታ ተነስታችሁም በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ስላለ ታካሚ አትናገሩ፤ ወፍራሞቹ መስመሮች አብዛኞቹ ከማውስና ከራት የመጡ ናቸው፣ ማደንዘዣውም ከቲክ-1 ሌላ ብዙ ፕሮቲኖችን ይነካል። በሰው ሴል ላይ የተለካውን ብቻ በሌላ ቀለም ማርከር አቅልሙት።